ከፊርማው በፊት ወላጅ ይቀመጥ

ይህን መመሪያ የምጽፈው በጋምቤላ ጎግ ወረዳ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል ‹‹እስቲ ወረቀቱን እዩልን›› ተብለው ለሚጠሩት ሰው ነው። ምናልባት መምህር ነዎት፣ ምናልባት የጤና ባለሙያ፣ ምናልባትም ከቤተሰቡ ቀድመው የተመረቁ ታላቅ እህት ወይም ወንድም። በፑኝዶ ከተማም ሆነ ከፑኝዶ ራቅ ባሉት ቀበሌዎች እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚያልቀው በእርስዎ ፊት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ፤ ተማሪውን ብቻ ይዘው አይቀመጡ። እናቱን ወይም አባቱን፣ ከአጎቱ ቤት ያደገ ከሆነም አጎቱን፣ አብረው ያስቀምጡ። ፊደል ቢያውቁም ባያውቁም፣ አማርኛ ቢሰሙም ባይሰሙም ይቀመጡ። ለዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ድጋፍ ለልጁ የሚጠቅመው ወላጅ ምን እንደሚፈረም ቀድሞ ሲያውቅ ነው፤ ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ የደረሰ ወላጅ ገንዘብ ከመላክ በቀር የሚቀረው ድርሻ ትንሽ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት ከሥርዓቱ መነሳት ይሻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ለተማሪው በነጻ ነበር። ይህ የተለወጠው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 91/1995 በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ በኋላም ደንብ ቁጥር 154/2000 ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲገባ ግን ክፈል አይባልም። መንግሥት ይሸፍንለትና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ የሚሉት፣ በወረቀቱ ላይ ‹‹የወጪ መጋራት›› ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው። ከገቢ እየተቆረጠ የሚመለስ የትምህርት ዕዳ በሌላም አገር አለ፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀምራዋለች። የእኛ ከብዙዎቹ የሚለየው የወላጅን ገቢ ወይም ዋስትና ባለመጠየቁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል የትምህርት ድጋፍ የሚያመለክት ወጣት የወላጆቹን ገቢ ማስሞላት አለበት፤ የኬንያ የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድም የወላጅን መረጃና ዋስ ይጠይቃል፤ ደቡብ አፍሪካም ድጋፉን የምትሰጠው የቤተሰቡን ገቢ አይታ ነው። በኢትዮጵያ ግን የጎግ ገበሬ ልጅና የቦሌ ነጋዴ ልጅ በአንድ ዓይነት ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ይህ በአንድ በኩል ክብር ነው፤ ማንም ድህነቱን አስመስክሮ አይገባም። በሌላ በኩል ግን ወላጅን የሚጠራው ሰው የለም፤ ልጁም በሕይወቱ የመጀመሪያውን ትልቅ የዕዳ ውል በሬጅስትራር በር ላይ ሰልፍ ይዞ፣ ከኋላው እየተገፋ ይፈርማል። የእርስዎ ሥራ ያንን ክፍተት መሙላት ነው።

‹‹ልጁ 18 ዓመት ሞልቶታል፣ በሕግ ራሱን የቻለ ነው፣ የእናቱ መቀመጥ ለምን ይጠቅማል?›› የሚል ይኖራል። ፊርማው የልጁ መሆኑ እውነት ነው፤ ዕዳውም በስሙ ነው የሚመዘገበው። ነገር ግን ቅጹ የሚጠይቃቸው ውሳኔዎች በቤት ውስጥ የሚኖሩ ውሳኔዎች ናቸው። ምግብ በካፌ ልብላ ወይስ በገንዘብ ልቀበል የሚለው ከቤት ከሚላከው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ተመርቆ በደመወዙ ታናናሾቹን ያስተምራል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከዚያ ደመወዝ ቀድሞ የሚቆረጥ እንዳለ ማወቅ አለበት። ይህን ሳያውቅ የቀረ አባት ልጁ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ወር ‹‹ገንዘቡን ደበቀኝ›› ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ሥራ ስምን ማስተካከል ነው፤ ይህም የሚጀመረው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገቡ በፊት ነው። በጋምቤላ ይህ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል። የአኙዋ ስሞች በአማርኛ ሲጻፉ አንዱ ጸሐፊ ‹‹ኡጁሉ››፣ ሌላው ‹‹ኦጁሉ›› ይላል፤ ‹‹ኡባንግ›› በሌላ ወረቀት ‹‹ኦባንግ›› ሆኖ ይገኛል፤ መጨረሻው ላይ አንዱ ‹‹ድ›› ሲጽፍ ሌላው ‹‹ት›› ያደርገዋል። ከዚህም የከፋው የመጀመሪያዋ ፊደል ናት። በአኙዋ ስም ይህች ድምፅ ብዙ ጊዜ ወንድና ሴትን ትለያለች፤ ወንዱ ኡሞድ ከተባለ ሴቷ አሞድ ልትባል ትችላለች። ስለዚህ በአንዲት ፊደል ስህተት የወንድ ልጅ ማስረጃ የሴት ልጅ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይጨመራል። ወላጅ መኖር ያለበት ለዚህም ጭምር ነው፤ የአያትን ስም፣ የእናትን ሙሉ ስም፣ ልጁ የተወለደበትን ቀበሌ ከእናት የተሻለ የሚያውቅ የለም። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የቀበሌ መታወቂያውን፣ የልደት ማስረጃውንና የፋይዳ ምዝገባውን በአንድ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ስሙን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ልዩነት ካገኙ የትኛው አጻጻፍ እንደሚጸና ከወላጁ ጋር ይወስኑ፤ ልጁ ለብሔራዊ ፈተና የሚመዘገብበትን አጻጻፍ መነሻ ማድረግ ይሻላል፤ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ሰነድ የሚከተለው እሱን ነውና። የልደት ማስረጃ ከሌለው በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በኩል ይውጣለት። የትምህርት ቤቱን ስህተት ትምህርት ቤቱ ያርም፤ ሌላው ስም በሕግ መታረም ካለበት ፍርድ ቤቱ ቅርብ እያለ፣ ልጁም እዚህ እያለ ይለቅ። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ግቢ ሆኖ የጎግን ማስረጃ ማሳረም ከሴሚስተሩ ላይ ሳምንታት የሚወስድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ልጁ በየትኛው በር እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ድጋፉ በበሩ ይለያያልና። ሐቁን ለወላጁ ሳይሸፍኑ ይንገሩ፤ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 585,882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው፤ ይህም 8.4 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ቁጥሩ 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ ‹‹ልጄ ፈተናውን ወሰደ›› ማለትና ‹‹ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ›› ማለት በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ከብት ሸጦ ለጉዞ ገንዘብ ማዘጋጀትም ከውጤቱ በኋላ ይሁን። ያለፈ ተማሪ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የወጪ መጋራቱ ይጠብቀዋል። ወደ ማለፊያው የተጠጋ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የሪሚዲያል ፕሮግራም ሊገባ ይችላል፤ ለዚህ የሚጠየቀው ነጥብ እንደ ጋምቤላ ላሉ ክልሎች ተማሪዎችና ለሴቶች ዝቅ ተደርጎ ሲወሰን ቆይቷል። በሪሚዲያል የሚያሳልፈው ዓመት ግን ለዲግሪ የማይቆጠር ዓመት ነውና በዚያ ዓመት ምን ውል እንደሚፈርም፣ ምግብና መኝታው እንዴት እንደሚታሰብ ተማሪው ሲመዘገብ ጠይቆ ለቤተሰቡ ይንገር። የግል ኮሌጅ ከሆነ የወጪ መጋራት የሚባል የለም፤ ክፍያው ከኪስ ነው፤ ‹‹ቅድሚያ ብቻ ክፈሉ፣ ሌላው ይስተካከላል›› የሚል ቃል በጽሑፍ ካልሆነ አይታመን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ለሚያስብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው በራስ ገዝ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መተዳደር ከጀመረ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችም ይቀበላል። ስለዚህ ‹‹ተቀብለውኛል›› የሚለው ዜና ሲመጣ ‹‹በመንግሥት ወጪ ነው ወይስ በራስ ክፍያ?›› ብለው ሳይጠይቁ አይመርቁት።

በእኔ ግምት በብዙ ቤት የሚዘነጋው በር ቅርቡ ነው። ጋምቤላ ከተማ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን የሚያሰለጥን ኮሌጅም አለ። ከቤት መራቅ በራሱ ወጪ ነው፤ አውቶቡሱ፣ በየበዓሉ ቤት መምጣቱ፣ ሲታመም ጠያቂ ማጣቱ ሁሉ በዚህ ይቆጠራል። ‹‹ሩቅ የሄደ ይበልጥ ይማራል›› የሚለውን እምነት ወላጅ በቀላሉ እንደማይተው አውቃለሁ፤ ሩቅ የተመደበ ልጅም ምደባውን ይዞ መሄዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ቅርቡን በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ማስገባት ለአንዳንድ ቤተሰብ ከማንኛውም ስኮላርሺፕ የበለጠ ድጋፍ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ካለ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት ሰጥቶ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ እንደቆየ ይወቁና አሁን ማመልከቻ እየተቀበለ መሆኑን ያጣሩ። በፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ለሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ተማሪዎች መንገዱ ሌላ ነው፤ ለእነሱ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የሚሰጠውና በጀርመን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕ አለ፤ የማመልከቻው ጊዜ በመጠለያው ሲነገር ወላጅም ሊሰማው ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ ውሉ የማይሸፍነውን ማስላት ነው። ወላጆች ‹‹መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል›› ሲባሉ ወጪው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ አላለቀም። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ ይዞ እንዲመጣ የሚጠይቁት ዝርዝር በየዓመቱ ይመሳሰላል፤ የማስረጃዎቹ ዋናውና ኮፒው፣ ሦስት በአራት የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ለቆላ ልጅ ብርድ ልብሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጎግ ሙቀት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር የተመደበ ልጅ ጃኬትም ያስፈልገዋል፤ ይህም በቤት ውስጥ የሌለ ዕቃ ነው። ከፑኝዶ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ተመደበበት ከተማ የሚከፈለው መጓጓዣ፣ በመንገድ የሚያድርበትና የሚበላው፣ ከመጀመሪያው ወር ኮፒና ሳሙና ጋር ተደምሮ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ ማን ምን እንደሚያዋጣ ቤተሰቡ ይነጋገር። የምደባ ጥሪ ከመጣ እስከ መግቢያው ቀን ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ በችኮላ የሚሸጥ በቆሎ ወይም ፍየል ግማሽ ዋጋውን አያወጣም። ሽያጩ ውጤት በታወቀ ሰሞን ረጋ ብሎ ቢደረግ ያው ንብረት የተሻለ ያመጣል። ገንዘቡንም ልጁ ሁሉንም በኪሱ ይዞ አይሂድ፤ የባንክ ደብተር ወይም ቴሌብር በራሱ ስም ከጎግ ሳይወጣ ይከፈትለትና ከወላጁ ስልክ ትንሽ ብር ተልኮ መድረሱ ይፈተሽ።

አራተኛው ሥራ ዋናው ነው፤ ቅጹን በቤት ማንበብ። የወጪ መጋራት ውል የሚሞላው በዩኒቨርሲቲው ነው፤ ቀድሞ የገባ ተማሪ የፈረመበትን ኮፒ ግን በአካባቢው ማግኘት አያስቸግርም። ካገኙ ከወላጁና ከልጁ መሃል ያስቀምጡትና መስመር በመስመር በአኙዋ ቋንቋ ያስረዱ። ቅጹ በተማሪው ሙሉ ስም፣ በመታወቂያ ቁጥሩና በፎቶው ይጀምራል፤ የተወለደበትን ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ይጠይቃል። ቀጥሎ የእናቱን ወይም የአሳዳጊውን ሙሉ ስምና አድራሻ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ለእናትየው ‹‹ስምዎ እዚህ ይጻፋል›› ይበሉ፤ በዚህ ውል ላይ የምትታወቀው እንደ ዋስ ሳይሆን እንደ እናት መሆኑንም ያስረዷት። ብዙ ሰው የመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ ከተጻፈ ነገ መሬቴን ይወስዱብኛል ብሎ ይሰጋልና ይህ ስጋት በግልጽ መነሳትና መመለስ አለበት። ከዚያ በታች ያጠናቀቀበት ትምህርት ቤት፣ የገባበት ዓመትና የትምህርት ክፍል አለ። ቀጥሎ ‹‹የምፈልገው አገልግሎት›› የሚለው ይመጣል፤ ምግብና መኝታ፣ ምግብ ብቻ፣ ወይም መኝታ ብቻ። በመጨረሻም የዓመቱ የገንዘብ ግምትና ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም፣ ማለትም ከገቢ ወይስ በአገልግሎት የሚለው ይሰፍራል። በአገልግሎት የሚለው እንደ መምህርነት ባሉ ሙያዎች ሠልጥነው በሥራቸው ለሚመልሱ ነው፤ ልጁ ወደ መምህርነት የሚያዘነብል ከሆነ ይህ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው ሲገባ ጠይቆ ሳይረዳው አይለፈው።

ወላጅ የሚፈራው ቁጥሩን ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን አይደብቁ። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ለተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ደንቡ ተማሪው የምግቡን ሙሉ ወጪ ይጋራል ስለሚል በዚህ ስሌት በዓመት ለ10 ወር የሚመጣው 30,000 ብር ነው፤ ለአራት ዓመት 120,000 ብር። መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ በዚህ ላይ ይጨመራል። በትክክል የሚያስከፍለው በየዓመቱ በውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ ይህ ግን መጠኑን ለማየት ይረዳል። አንድ ምሩቅ በወር 10,000 ብር ቢከፈለውና 10 በመቶው ቢቆረጥ በወር 1,000 ብር ይሆናል፤ 120,000 ብሩን ለመጨረስ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ሲሰማ ‹‹እንዲህ ከሆነስ ልጄ ይቅርብኝ›› የሚል አባት ይኖራል። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ በገጠር ዕዳ ማለት ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ፣ ሰብል ቢጠፋም የሚጠየቅ ገንዘብ ነውና። ይህኛው ግን የሚቆረጠው ከገቢ ነው፤ ገቢ የሌለው ሰው ከደመወዙ አይቆረጥበትም። አባትየው ሰብል በጠፋበት ዓመትም ማንም በሩን አንኳኩቶ የልጁን ዕዳ አይጠይቀውም። ከደመወዙ አብዛኛው በእጁ የሚቀርለት ምሩቅ ምናልባትም ለቤቱ የመጀመሪያው የወር ደመወዝ ተከፋይ ነው። ይህን ሁሉ ካስረዱ በኋላ ቤተሰቡ ተስማምቶ ይፈርማል፤ ወይም ቅርብ ያለውን ኮሌጅ ይመርጣል። ሁለቱም አውቆ የተወሰደ ውሳኔ ነው።

ስለ ካፌና ነን ካፌ ልዩ ምክር አለኝ። አንዳንድ ግቢ ተማሪው ካፌ ላልበላበት ገንዘቡን በየወሩ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ለችግረኛ ቤተሰብ ይህ ገንዘብ ትልቅ ፈተና ነው፤ ልጁ ‹‹ታናሼ ታመመ›› ሲባል የምግቡን ብር ወደ ቤት ይልክና ራሱ በቀን አንድ ጊዜ ይበላል። ይህን የሚያደርገው ጥሩ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ መከላከል ያለበት ወላጁ ነው። ከመሄዱ በፊት በእርስዎ ፊት ወላጁ ‹‹ከምግብህ ብር አንቀበልህም፣ አትላክልን›› ብሎ ይናገር። ይህ ቃል ከአባት ወይም ከእናት አፍ ካልወጣ በቀር የማንም ምክር አይተካውም። ለመጀመሪያው ዓመት በካፌ መብላትን እመክራለሁ፤ የከተማውን ዋጋ እስኪያውቅ ድረስ ቢያንስ ሳህኑ የተረጋገጠ ይሆናል።

‹‹ኮስት ሼሪንግ ማንም አይከፍልም፤ መንግሥት ይረሳዋል›› የሚል ወሬ በየቦታው አለ፤ ቀድመው የተመረቁ ወጣቶችም ይህን ለታናናሾቻቸው ይናገራሉ። ከፊል እውነት አለው፤ ብዙዎች ለዓመታት ሳይጠየቁ ይቆያሉ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው በምረቃ ዕለት የሚሰጠው ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊውን የምስክር ወረቀት ነው። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲፈለግ የወጪ መጋራቱ መከፈሉ ወይም መጀመሩ ይጠየቃል። ይህ ደግሞ የሚመጣው ልጁ የተሻለ ሥራ ባገኘበት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ባመለከተበት ወይም ወደ ውጭ ስኮላርሺፕ በተጠራበት ወቅት፣ ማለትም ጊዜ በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ወሬው ትክክል ሊሆን የሚችለው በቴምፖ ብቻ ዕድሜውን ለሚሠራ ሰው ነው። ሥራ ከያዘ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መቆረጡን ቀጣሪውን ቢጠይቅና የተቆረጠውን ደረሰኝ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ቤተሰቡ አቅም ካለው ደግሞ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ስለሚኖር ስንት እንደሆነ ከውሉ ጋር ይጠይቅ።

ሌላው ድጋፍ ሳይጠየቅ የሚመጣ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የበጎ አድራጎት ክበብ፣ ችግረኛ ተማሪዎችን በኪስ ገንዘብ፣ በልብስ፣ በንጽህና መጠበቂያ ይረዳሉ። የሚረዱት ግን ማስረጃ ላመጣ ነው። ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ወላጁ ከቀበሌው የኑሮ ሁኔታ ማስረጃ ያውጣለት፤ አባት ወይም እናት ካረፉ፣ ቤተሰቡ ተፈናቃይ ከሆነ ወይም ልጁ ወንድሞቹን የሚያሳድግ ከሆነ ይህ በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ወላጅ ልጁ ‹‹ደሃ ነኝ›› እንዲል አይወድም፤ በተለይ ሴት ልጅ። ክብራቸውን ያክብሩና ደብዳቤውን በፖስታ አሽገው ለዲኑ እንጂ ለማንም እንዳታሳየው ይንገሯት። ከዚህ በተቃራኒ ‹‹ምደባ አስቀይራለሁ››፣ ‹‹ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ፣ ብቻ በቴሌብር ላኩልኝ›› የሚል ሰው ሲመጣ፣ በስልክም ሆነ በቴሌግራም፣ ቤተሰቡ እርስዎን ሳይጠይቅ አንድ ብር እንዳይልክ አስቀድመው ያስጠንቅቁ። አታላዮች የሚመርጡት ለልጁ ሲል ያለውን ሁሉ ሊሰጥ የተዘጋጀ ወላጅን ነው።

ልጁ ከገባ በኋላም ሥራው ይቀጥላል፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳልና። በየዓመቱ የፈረመውን ኮፒ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለወላጁ ወይም ለእርስዎ ይላክ፤ አንዱም ወረቀት በቤት ይቀመጥ። በቅጹ ላይ ‹‹ያቋረጠበት ቀን›› የሚል መስመር አለ፤ ለዚህም ምክንያት አለው። በሕመም፣ በነጥብ መውረድ ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ያቋረጠበት ቀን ካልተመዘገበ ሳይበላበትና ሳይተኛበት ያለፈው ጊዜም ሊታሰብበት ይችላል። ስለዚህ ልጅ ‹‹ወደ ቤት ልመጣ ነው›› ሲል የወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ምን ሆንክ?›› ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ‹‹ሬጅስትራር ሄደህ ዊዝድሮው ሞልተሃል?›› የሚለው ነው። ካልሞላ ከአውቶቡስ ትኬቱ በፊት ያንን ይሙላ፤ ማህተም የተደረገበትንም ኮፒ ይዞ ይምጣ።